አጥር ወይስ ሼድ? በገጠር ስለሚተከል የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ዕቅድ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምሠራው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በአንድ የዞን ኢንዱስትሪ መምሪያ ነው። ዞናችን ስንዴ፣ በርበሬ፣ ወተትና አቮካዶ ያመርታል። ከአስፋልቱ መንገድ ዳር 180 ሄክታር መሬት ለግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ተለይቷል። ለመጪው በጀት ዓመት ብዙ ባይባልም ገንዘብ ተይዞልናል። አጥሩንና የውስጥ መንገዱን እናስቀድም ወይስ ሼድ ገንብተን ባለሀብት እንጥራ? ዕቅዱስ ከየት ይጀምራል?»

ምላሽ፦ በአጥርም በሼድም አይጀምሩ። የተያዘላችሁን ገንዘብ በምን ላይ ቢያውሉት እንደሚሻል መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ምክንያቴን በዝርዝር ላስረዳ፤ ይህን የሚወስኑት እርስዎ ብቻ ስላልሆኑ ለአለቆችዎም የሚያስረዱበት ነገር ያስፈልግዎታል።

የልብስ ስፌት ፓርክ ጨርቁ በኮንቴይነር ከውጭ ይገባለታል። መንገድ፣ መብራትና ሠራተኛ ካገኘ ዙሪያው ያለው ማሳ ምን እንደሚያበቅል አይገደውም። የምግብ ፋብሪካ ግን ጥሬ ዕቃው ይበሰብሳል፣ ወቅት ይጠብቃል፣ ባለቤቶቹም እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ የያዙ በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች ናቸው። ስለዚህ የእርስዎ ፓርክ ዋናው ዕቅድ ያለው ከ180 ሄክታሩ ውጭ፣ በየቀበሌው ነው።

አገራችን ይህን በወረቀት ላይ ካወቀችው ቆይታለች። ለግብርና ማቀነባበሪያ 17 ኮሪደሮች ተለይተው አራቱ ለመጀመሪያው ሙከራ ሲመረጡ፣ ማለትም ይርጋለም፣ ቡልቡላ፣ ቡሬና ባዕከር፣ ሐሳቡ ፓርኩ መሃል ላይ ሆኖ በ100 ኪሎ ሜትር ዙሪያው የገጠር ሽግግር ማዕከላት እንዲኖሩት ነበር። ምርቱ በማዕከላቱ ተሰብስቦ፣ ተበጥሮና በደረጃ ተለይቶ ወደ ፓርኩ ይገባል የሚል ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ባዕከርን ጦርነቱ አስቆመው። ሦስቱ በ2013 ዓ.ም. ተመረቁ፤ ነገር ግን በታሰበው ፍጥነት በፋብሪካ አልተሞሉም። የተሽከርካሪ መንገዱና ሕንፃው ቀድመው ታዩ፤ የኃይል አቅርቦቱ፣ የሥራ ማስኬጃ ብድሩና ከሁሉም በላይ ምርት የሚሰበስቡት ማዕከላት ወደ ኋላ ቀሩ። ሕንድም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመሳሳይ አደረጃጀት ያላቸውን ትልልቅ የምግብ ፓርኮች ስትደጉም ቆይታ በ2021 ድጋፉን አቁማለች። ከዚያ ልምድ ውስጥ ለእርስዎ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ፤ ለአንድ ፓርክ የተጠየቀው ዝቅተኛ መሬት 50 ኤከር፣ ማለትም 20 ሄክታር ገደማ ብቻ ነበር። በዚያ ስፋት እንኳ ብዙዎቹ በተያዘላቸው ጊዜ አልተጠናቀቁም። እኛ 180 ሄክታር ስንል ምን ያህል እንደጠየቅን ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ ወደ ማሳው። ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚያገኙት ቁጥር «የተመረተ» ነው። ለፋብሪካ የሚያስፈልገው «ለገበያ የወጣ» የሚለው ነው፤ የሁለቱ ልዩነት ደግሞ ፓርክ ይዘጋል። አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በቀን 100 ቶን ስንዴ የሚፈጭ መካከለኛ የዱቄት ፋብሪካ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 300,000 ኩንታል ስንዴ ይፈልጋል። አንድ ወረዳ 400,000 ኩንታል አመረትኩ ቢል ወረቀቱ ላይ ይበቃል። ገበሬው ግን መጀመሪያ ለቤቱና ለዘር ያስቀራል። ሩቡን ይሸጣል ብንል 100,000 ኩንታል ነው። ከዚያ ላይ ነባር ወፍጮ ቤቶችና በአይሱዙ እየጫኑ ወደ አዳማና አዲስ አበባ የሚወስዱ ነጋዴዎች ድርሻቸውን ያነሳሉ። ለእርስዎ ፋብሪካ 40,000 ኩንታል ቢደርሰው መልካም ነው፤ ይህም የአንድ ወር ተኩል ሥራ እንኳ አይሞላም። ፋብሪካው ታዲያ ወይ ስምንት ወረዳ ይሸፍናል፣ ወይ ትንሽ ሆኖ ይተከላል፣ ወይ ለጊዜው አይተከልም። ሦስቱም ተገቢ መልሶች ናቸው። ተገቢ ያልሆነው ይህን ስሌት ሳይሠሩ ቦታ መስጠት ነው።

ይህን ለማወቅ ገበያ ውስጥ መቆም ያስፈልጋል። ዋና ዋናዎቹን የገበያ ቀናት በየወሩ እየተከታተሉ ምን ያህል ኩንታል እንደገባ፣ ማን እንደገዛው፣ በስንት ዋጋ፣ ወዴት እንደተጫነ ዓመቱን ሙሉ ይመዝግቡ። አንድ ዓመት ረጅም መስሎ ይታያል፤ ከመኸር እስከ መኸር ያልታየ ገበያ ግን አልታየም። ከሰብሳቢዎችና ከደላሎችም ጋር ይቀመጡ። በየቀበሌው የማን በርበሬ እንደደረቀና የማን ላም እንደወለደች ከማንኛውም መሥሪያ ቤት በተሻለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ፓርኩ ሲመጣ እነሱን ከገበያ እናስወጣለን የሚል ዕቅድ አይቼ አዝኛለሁ። ታማኞቹን በኮሚሽን የሚሠሩ የፋብሪካው ሰብሳቢዎች ማድረግ ይቻላል፤ ሚዛናቸው እስከተፈተሸ ድረስ።

አሁን በርበሬን ቀረብ ብለን እንየው፤ የአካባቢያችሁ ስም የሚጠራበት ምርት ነውና። ገበሬው በርበሬውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርቀው መሬት ላይ አስጥቶ ነው። ሌሊት ጤዛ ያርፍበታል፣ ቀን ፀሐይ ይመታዋል። ደርቆ ሲኮማተር ደግሞ ዛላው እንዳይሰበርና ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ አርከፍክፎ በኬሻ የሚያጭቅ አለ። ከውጭ ሲያዩት ቀይና የሚያምር ነው። ኬሻውን ከፍተው እጅዎን ወደ መሃል ቢያስገቡ ይሞቃል፤ ዛላውን ሰንጥቀው ቢያዩ ፍሬው ላይ ግራጫ ሻጋታ ያገኛሉ። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ መነሻው ይኸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በርበሬን ጨምሮ ለቅመማ ቅመም የሚፈቅደው፣ ቢ1 የተባለው የአፍላቶክሲን ዓይነት በኪሎ 5 ማይክሮግራም፣ ጠቅላላው አፍላቶክሲን ደግሞ 10 ማይክሮግራም ነው። ከዚህ ያለፈ ጭነት ወደብ ላይ ይመለሳል። በፓርኩ ውስጥ የቱንም ያህል ዘመናዊ ወፍጮ ቢተከል የተመረዘውን በርበሬ አያነጻውም፤ ፈጭቶ ያዳርሰዋል እንጂ። ለውጭ ገበያ ባይሆንስ? የራሳችን ሰው ነው የሚበላው።

ስለዚህ የበርበሬ ፋብሪካ የሚጀምረው ለቡና ከሚሠራው ዓይነት የማድረቂያ አልጋ፣ ከፕላስቲክ ጣሪያ፣ ከእርጥበት መለኪያ እና እርጥበቱ 11 በመቶና ከዚያ በታች ለደረሰ ንጹሕ በርበሬ ተጨማሪ ዋጋ ከመክፈል ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ቀበሌ ውስጥ ነው፤ ከአንድ ሼድ ጋር ሲነጻጸርም ዋጋው ጥቂት ነው። ተጨማሪ ዋጋው ከሌለ ግን አልጋው በከንቱ ይቆማል። ገበሬው ከባድ የሆነውን እርጥብ በርበሬ በኪሎ እየሸጠ የሚያተርፍ ከሆነ አድርቆ ክብደት የሚቀንስበት ምክንያት የለውም።

ወተት ከሁሉም ከባዱ ነው፤ በትክክል ከተያዘ ግን በየዕለቱ ለገበሬው ቤት ገንዘብ የሚያስገባ ከእሱ ሌላ የለም። በቀን 20,000 ሊትር የሚያቀነባብር ፋብሪካ እንበል። አንድ ቤተሰብ በአማካይ 5 ሊትር ቢያቀርብ 4,000 አባወራና እማወራ ያስፈልጋሉ። አንድ መሰብሰቢያ 500 ሊትር ቢይዝ ደግሞ 40 መሰብሰቢያ ይሆናል፤ እያንዳንዱም ማቀዝቀዣ ታንክ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር፣ ንጹሕ ውሃና በአልኮል መፈተሽ የሚችል ሰው ይፈልጋል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ጥቂት ወተት ከእኩል መጠን አልኮል ጋር ሲቀላቀል ከረጋ ወተቱ ለማፍላት አይሆንም፣ ወደ ታንኩም አይገባም። አንድ ሰው ይህን ቸል ቢል የመቶ ሰው ወተት ይበላሻል። ብዙ ቦታ የሚሰበሰበው የጠዋቱ ወተት ብቻ ነው። የማታው ማቀዝቀዣ ስለሌለው እቤት ይቀራል፤ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቂቤ ይሆናል። የማታውን ወተት የሚቀበል መሰብሰቢያ ማቋቋም አንድም ላም ሳይጨመር አቅርቦቱን በእጅጉ ያሳድገዋል።

ከዚያ የገበያው የዘመን አቆጣጠር አለ። ከውጭ የመጣ አጥኚ የሚስተው ይህን ነው። የእናንተ ወተት ትልቁ ገበያ አዲስ አበባ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ይጾማል። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ የነቢያት ጾም፣ ፍልሰታ፣ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩ የዓመቱን ትልቅ ክፍል ይወስዳሉ። ላሟ ግን አትጾምም፤ በየቀኑ ትታለባለች። ፓስቸራይዝድ፣ ማለትም በመጠነኛ ሙቀት ታክሞ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚቆይ ወተት ብቻ የሚያመርት ፋብሪካ በጾም ከገበሬው መግዛት ያቆማል። ገበሬውም ፋብሪካው ሲከፈት ተመልሶ አይመጣም፤ ወተቱን ለሚያስቀጥልለት ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ የወተት ፋብሪካው ከመጀመሪያው ቂቤ፣ የሚቆይ አይብ ወይም በከፍተኛ ሙቀት ታክሞ ለወራት የሚቀመጥ ወተት ማምረቻ ሊኖረው ይገባል። ይህ በኋላ የሚጨመር ክፍል መሆን የለበትም። የእናንተ አካባቢ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ ብዙ በሆነበት የአካባቢው ገበያ ፍላጎቱ ከአዲስ አበባ ጋር አብሮ አይወርድም። ለመስቀል ደግሞ ቤተሰቡ ቂቤ ማጠራቀም ሲጀምር ወደ መሰብሰቢያ የሚመጣው ወተት ይቀንሳል። እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ ወር በወር አስቀምጧቸው፤ የፋብሪካው ትክክለኛ አቅም ከዚያ ይወጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ወተቱንና ቂቤውን በቤት ውስጥ የምትይዘው ሴቷ ናት፤ ገንዘቡም የእሷ ነበር። ወተቱ በማኅበር መሸጥ ሲጀምር ክፍያው በባል ስም በተከፈተ ሒሳብ ከገባ ላሟን የምታልበው እጅ ከትርፉ ይወጣል፤ ጥራቱም አብሮ ይወርዳል። ሒሳቡ በሴቷ ስም ይከፈት።

ስለ አቮካዶ አላበዛም። ይርጋለም ዘይቱን አምርቶ ወደ ውጭ መላክ እንደሚቻል አሳይቷል። ጥያቄው ዛፉ የተሻሻለ ዝርያ ነው ወይ፣ ፍሬው በዱላ እየተመታ ይወርዳል ወይስ በእጅ ይለቀማል የሚለው ነው። ዛሬ የሚተከል የተሻሻለ ችግኝ በደንብ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ስለሚፈልግ ፋብሪካውን ለሁለተኛው ምዕራፍ ያቆዩት። በአንድ ምርት ብቻም አይታመኑ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በከምባታና በወላይታ ዝንጅብልን የጠራረገው የአጠውላጊ በሽታ ስንት ቤተሰብ እንደጎዳ ከእኔ ይልቅ ለእናንተ ቅርብ ነው።

ፓርኩ ውስጥ ማን ከማን አጠገብ ይቀመጥ ለሚለው ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛው የአንዱ ተረፈ ምርት ለሌላው ግብዓት መሆኑ ነው። በቀን 100 ቶን ስንዴ ከሚፈጭ ፋብሪካ ከ20 እስከ 25 ቶን ፉርሽካ ይወጣል። አንዲት የወተት ላም በቀን 2 ኪሎ ፉርሽካ ብታገኝ 20 ቶኑ ለ10,000 ላሞች ይደርሳል። ከዘይት መጭመቂያ የሚመጣ ፋጉሎ ሲጨመርበት መኖ ማቀነባበሪያ ይቆማል፤ ወተቱን ያመጣ መኪናም መኖ ጭኖ ይመለሳል። ለእናንተ ዞን የመጀመሪያው ምዕራፍ እኔ እንደማየው ይህ ነው፤ በመጠን የተመጠነ ዱቄት፣ መኖና ወተት። መኖ የሌለው የወተት ዕቅድ በጋ ላይ ይቆማል።

ሁለተኛው እርጥቡንና ደረቁን መለየት ነው። የበርበሬ ወፍጮ አቧራ በነፋስ ይሄዳል፤ ወተት ደግሞ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይስባል። ስለዚህ ዱቄት፣ መኖና በርበሬ በአንድ ወገን፣ ወተትና ፍራፍሬ በነፋሱ መምጫ በኩል በሌላ ወገን ይሁኑ። ቄራ ካሰባችሁ ከእነዚህ ሁሉ ይራቅ፤ የሚቻል ከሆነ የመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ።

እርጥቦቹ በአንድ ወገን መሆናቸው ለፍሳሹም ይጠቅማል። ስለ ፍሳሽ የምጽፈው በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው፤ ከፓርኩ በታች ያለው ወንዝ የሰውም የከብትም መጠጫ ነው። የፍሳሽ ብክለት የሚለካው በውስጡ ያለው ቆሻሻ ሲፈርስ ከውሃው በሚወስደው ኦክስጅን ነው። የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ በሊትር ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ሲሆን የወተት ፋብሪካ ፍሳሽ ከ1,000 እስከ 3,000 ይደርሳል። ያ 20,000 ሊትር የሚያቀነባብር ፋብሪካ በቀን 50 ሜትር ኩብ ገደማ ፍሳሽ ያወጣል፤ ሸክሙም 2,000 ሰው ከሚኖርበት ከተማ ፍሳሽ ጋር ይስተካከላል። ከወተቱ 5,000 ሊትሩ አይብ ቢሆንና አጓቱ ወደ ቦይ ቢለቀቅ ደግሞ አጓቱ ብቻውን ከቀረው የፋብሪካው ፍሳሽ ሁሉ የበለጠ ይበክላል፤ በሊትር 30,000 እና ከዚያ በላይ ሚሊግራም ነውና። አጓት መኖ ነው፤ ለአሳማም ለጥጃም ይሆናል፣ ባዮጋዝም ይወጣዋል። በውሉ ላይ አጓት ወደ ፍሳሽ መስመር መልቀቅ ክልክል ነው ብላችሁ ጻፉ። የጋራ ማጣሪያው መጀመሪያ አየር በሌለው ኩሬ ቢያልፍ ብዙው ሸክም በርካሽ ይቃለላል፤ መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቆምም። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የሚጠየቀው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ቦታው ከመጽደቁ በፊት ይሠራ፤ ከጸደቀ በኋላ የሚሠራ ግምገማ ለፋይል ብቻ ይሆናል።

ስለ መሬቱ፦ 180 ሄክታሩን በአንዴ አይውሰዱ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ምትክ መሬት ያልተገኘለት ተነሺ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነው ዓመታዊ ገቢው 15 እጥፍ ይከፈለዋል። ይህን ለ180 ሄክታር ከፍሎ 150ውን ታጥሮ ጦም እንዲያድር ማድረግ ሁለት ጥፋት ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ ይቀበራል፣ ስንዴ የሚያበቅል ማሳም ይቆማል። ለመጀመሪያው ምዕራፍ ከ25 እስከ 30 ሄክታር ይበቃል። የቀረው በፕላን ይከበር፣ ቤት አይሠራበት፣ ገበሬው ግን ይረሰው። አፈሩንም ያስመርምሩ። ዋልካ ከሆነ በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ መሠረት ያናጋል፤ ወጪው የትየለሌ ነው፤ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ያለ ጠንካራ መሬት ይሻላል።

መብራትን በተመለከተ ከኃይል አቅራቢው የሚፈልጉት ደብዳቤ «እናቀርባለን» የሚል እንዳይሆን። ከየትኛው ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ስንት ሜጋ ዋት፣ በየትኛው ወር የሚለው በጽሑፍ ይምጣ። ውሃም እንዲሁ፤ ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ በፓምፕ ተፈትኖ፣ ፍሎራይዱም ተለክቶ። ስምጥ ሸለቆ ላይ ይህ የመጨረሻው ምርመራ አይዘለልም።

ገበሬው ለፋብሪካው ይሸጣል ወይ? የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 ስላለ ውሉ ሕጋዊ መሠረት አለው። ይሁን እንጂ የገበያው ዋጋ ከውሉ በላይ ሲወጣ ገበሬው ወደ ገበያ ይሄዳል፤ አትፍረዱበት። ዋጋው በመኸር ሳምንት የአካባቢ ገበያ አማካይ ላይ ለጥራት የሚጨመርበት ተብሎ ይወሰን እንጂ ከወራት በፊት ቁጥሩ አይቆረጥ። ሚዛኑ ቁጥሩ ለሻጩም የሚታይ ይሁን። ከሁሉም በላይ ክፍያው በዕለቱ ይፈጸም። ምርቱን የሚሰበስበው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ብድር እስኪለቀቅለት ሁለት ሳምንት የሚያስጠብቅ ከሆነ የማዳበሪያ ዕዳና የትምህርት ቤት ወጪ ያለበት ገበሬ ዋጋ ቢቀንስም ወዲያው ለሚከፍለው ነጋዴ ይሸጣል። ስለዚህ ከባንክ ጋር የሚደረገው የመጀመሪያ ንግግር ስለ ምርት መግዣ ብድር ይሁን፤ የሕንፃው ብድር ይደርሳል።

እንግዲህ ወደተያዘላችሁ ገንዘብ። የዓመቱን የገበያ ምዝገባ ያስጀምሩ፤ ለዚህ ጥቂት ወጣት መዝጋቢዎችና አንድ ጥሩ የመረጃ ባለሙያ ይበቃሉ። የአፈር፣ የጉድጓድ ውሃና የወንዙን ፍሰት በበጋም በክረምትም ያስለኩ። ሁለት የወተት መሰብሰቢያና ሁለት የበርበሬ ማድረቂያ ነባር ማኅበራት ባሉባቸው ቀበሌዎች ያቋቁሙ፤ ወተቱን ለጊዜው አሁን ላሉት አቀነባባሪዎች ይሽጡ። ባለሀብት ሲመጣ የሚያሳዩት የ12 ወር የአቅርቦትና የጥራት መዝገብ ከማንኛውም ባዶ ሼድ ይበልጥ ያሳምነዋል። የሼዱንም ስፋትና ቁመት እሱ ማሽኑን አውቆ ይንገራችሁ፤ የወተት ፋብሪካ ወለልና የዱቄት ፋብሪካ ጣሪያ አንድ ዓይነት አይሠሩም። ለተነሺ ገበሬዎች ካሳ የተያዘ ገንዘብ ካለ ግን ከ30 ሄክታሩ ውጭ እንዳይነካ በምክር ቤት ደረጃ ያስወስኑ፤ ይህን ከበጀቱ መጽደቅ በፊት ካላደረጉት በኋላ አጥሩን ማስቆም ያስቸግርዎታል።

የገበያ ምዝገባውን ቅጽ ሲያዘጋጁ ዋጋና መጠን ብቻ እንዳይሆን፤ ምርቱ በማን መኪና ወዴት እንደሄደ የሚገልጽ ዓምድ ይኑረው። ሦስት ወር ያህል ከመዘገባችሁ በኋላ ውጤቱን ይላኩልኝና የወተቱን ፋብሪካ አቅም አብረን እናሰላለን።